እቅፍ ዳቦ በካርታ ቤቱ ጥግ

ሥራ ካቆምኩ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ዓይኔንም ጢሱ ጨረሰው። ብረት ምጣዴን ለልጄ ልጅ ሰጠኋት፤ እሷ ድንች ትጠብስበታለች። እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ፀሐዩ ሞቅ ሲለኝ ዓይኔ ይከደንና ገበያው ይመጣል። እኔ አልሄድበትም፣ እሱ ነው የሚመጣብኝ። አህያው፣ አቧራው፣ የሰዉ ሁካታ፣ ከዚያ ሁሉ መኻል ደግሞ የቅቤው ሽታ። ስባንን እጄ ባዶ አየር ሲያገላብጥ አገኘዋለሁ።

«እማምዬ፣ ዛሬስ ገበያው እንዴት ዋለ?» ትለኛለች የልጄ ልጅ እየሳቀች።

«ጥሩ ነበር። አንቺ ባትቀሰቅሺኝ ኖሮ ሁሉንም እጨርሰው ነበር» እላታለሁ።

ጻፊው ያለችኝም እሷ ናት። እኔ የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከወይራ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ያውም ሊጤ እንዳያልፍብኝ በአንድ ዓይኔ እየጠበቅኩ። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። እግሬም እንደዚያው ነበር፤ ከእስቴ ወደ ጋይንት፣ ከጋይንት ወደ ስማዳ፣ ከስማዳ ተመልሶ ወደ ጋይንት።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ፣ ዳቦ ሰንጥቆ ሥጋና አይብ ማሳቀፍ ነበር። ሌላ ስም የለውም። ገበያተኛው «እቅፍ» ይለው ነበር፤ ዳቦው ሥጋውን እንደ ሕፃን አቅፎት ስለሚታይ። ስሜ ውዴ ነው፤ ወንዶቹም መቼም ነገር ማጣመም ይወዳሉ፤ «ውዴ፣ እስቲ አንድ እቅፍ ስጪኝ» ይሉኝና እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። እኔም ከፍሙ ጋር የቀላውን ጉንጬን ወደ ምጣዱ አዞራለሁ።

የተወለድኩት እስቴ ገጠር ነው። ባሌ ዘመቻ ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ልጄን ለእናቴ ትቼ ንፋስ መውጫ ወጣሁ። የመኪናው መንገድ የሚሠራበት ዘመን ነበር። ከሠራተኞቹ ሰፈር ወጥ ቤት ገባሁ። አለቃችን ቀጭን ሰው ነበር፤ ከአፉ «ቶሎ! ቶሎ!» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። ደመወዛችንን ስንቀበል አውራ ጣታችንን ቀለም ላይ ነክረን ወረቀቱ ላይ እንጫነው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምነካው ሊጥ ሁሉ ሰማያዊ ይሆንብኛል። እዚያ የተማርኩት ዳቦ ነው። በርሜል ለሁለት ተቆርጦ በተሠራ ምድጃ እንጋግራለን። ዳቦ መብሰሉን በዓይን አታውቁትም፤ ገልብጣችሁ በጣታችሁ አንጓ ቂጡን ስታንኳኩት ባዶ ቤት እንደሚንኳኳ ከጮኸ በስሏል፤ ድምፁን ከዋጠው ገና ነው።

መንገዱ እየራቀ ሲሄድ ሰፈሩም ተነቀለ። እኔ ወደ ስማዳ ወረድኩና ወገዳ አንዲት ባለ ጠጅ ቤት ዘንድ ገባሁ። ሴትዮዋ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር ግን ጨዋ እጅ የሌላት ነበረች፤ ጥብሱ ላይ ጨው በእፍኝ ትበትናለች። «ጠጁ እንዲጠጣ ነው፣ አንቺ ሞኝ» ትለኛለች። እዚያ የተማርኩት ጨውን መፍራት ነው። ሰካራሙ ሲበዛብኝ አንድ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ እኔም ከሰው ኋላ ሄድኩ። እንዲህ ነው ተመልሼ ጋይንት፣ ዓርብ ገበያ የደረስኩት።

ከገበያው ዳር፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ጭቃ ቤት ነበረች። ቁማርተኛ የሚሰበሰብባት ካርታ ቤት ናት። በስተውጭዋ ሻይ ቤት ትባላለች እንጂ ሻይ ሲፈላባት ያየ የለም። ከእሷ ግድግዳ ተያይዞ ረጅም ዳስ ተዘርግቷል፤ ከዳሱ ሥር ጠላ የምትሸጠው፣ ቆሎ የምትቆላው፣ ንፍሮ የምታወጣው ሁሉ በተራ ተደርድረዋል። ከመጨረሻው ጥግ፣ ከካርታ ቤቱ በር አጠገብ፣ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየበሉ አየሁ። ከፊታቸው ሰው ተሰልፎ ቆሟል። እሳቸው አይቸኩሉም። አኝከው፣ ውጠው፣ ጣታቸውን ጠርገው ሲያበቁ ብቻ «እሺ፣ ማነው ተረኛ?» አሉ።

እትዬ አንጓች ይባላሉ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከሳቸው ነው። የዕለቱን የመጀመሪያ ዳቦ ሁልጊዜ ራሳቸው ይበሉታል፤ ሰው ቢሰለፍ፣ ሰማይ ቢደፋ። «እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው ልጅ አልሰጥም» ይላሉ። ሌላም ነበራቸው። ለሰው ዳቦውን ሰጥተው ወዲያው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ደግሞ ወደደው ወይስ ጠላው ብዬ የሰው አፍ አፉን አያለሁ። አንድ ቀን በማማሰያው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝና፣ «የመጀመሪያዋን ስትገምጥ ሰውን አትዪው። የራበው ሰው ይታፈራል» አሉኝ።

ዓርብ ገበያ ስሟ እንደሚነግራችሁ በዓርብ ነው የምትቆመው። ዓርብ ጾም ነው። ታዲያ ሥጋና አይብ የሚሸጥ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው።

«አንቱ፣ ሥጋውን መቼ መቼ ይሸጡታል?»

«ዓመቱን በሙሉ ስልጆ በዳቦ፣ ሽሮ በዳቦ ነው። ፋሲካ ከዋለ በኋላ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርቡም ይፈታል አይደል? በሃምሳው ነው የምሸጠው። ሰዉ ዓመቱን ሙሉ ስልጆዬን የሚበላው ያን እያለመ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ራሴ አሁንም የሃምሳውን ዓርብ አልማለሁ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፤ ምድሩ ዝናብ እየጠበቀ፣ ሰማዩ አንዴ ጠቁሮ አንዴ እየፈካ። ሥጋውን ገና ትንሽ ቀዝቀዝ እንዳለ፣ በጅማቱ ላይ አግድም፣ ከጣት ጥፍር ባልወፈረ እንቀደዋለን። ምጣዱ እስኪጤስ ሳይግል ሥጋ አይነካውም። ሥጋው ሲንጫጫ ዝም ይባላል፤ ቅቤ የሚገባው ጩኸቱ ሲበርድ ነው። አይቡን ከዋዜማው በንጹሕ ሻሽ ቋጥረን ውኃውን እናጠፋለን፤ እርጥብ አይብ ዳቦውን ያቦካዋል። ጤና አዳም ተሸልቅቆ፣ ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ። ዳቦውን ሰንጥቀን የውስጡን ፊት ሥጋው በወጣበት ምጣድ ላይ እንደፋዋለን፤ የቀረውን ቅቤ ይጠጣና ይቀላል። ከዚያ ማሳቀፍ ነው። በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መስጠት ነው። ሰውየው ሲይዘው እጁ ይሞቀዋል፤ ካልሞቀው እቅፍ አይደለም።

ከካርታ ቤቱ ጎን መቀመጣችን ለንግዱ ጥሩ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ካርታን ከልክሏል። ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ ብቅ ሲል በውስጥ ያለው ሁሉ እየተገፋፋ ወጥቶ ከኛ ዳስ ይገባል። ቁማርተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዳቦ በላተኛ ይሆናል።

«አንተ፣ ካርታ ስትጫወት አልነበር?» ይላል ጥበቃው።

«ኧረ ጓድ፣ እኔ እቅፍ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ የታለ?»

«በላሁት።»

«ዳቦውን ነው ሰውየውን?»

ዳሱ በሳቅ ይፈርሳል። ጥበቃውም ከሳቀ በኋላ አያስርም፤ እሱም አንድ እቅፍ ይዞ ይሄዳል።

የካርታ ቤት ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። ያሸነፈ «በላሁ» ይላል፣ የተሸነፈ «ተበላሁ» ይላል። እኔ ከገጠር የወጣሁ ምን አውቄ? አንዱ መጥቶ «አህያዬ ተበላች» ሲለኝ «ምነው፣ ጅብ በጠራራ ፀሐይ?» አልኩት። ሳምንቱን ሁሉ ተሳቀብኝ። በኋላ ግን ጆሮዬ ለመደው፣ ምላሴም ለመደው። ሌላው ሰው እንደማይናገረው እስክረሳ ድረስ ለመድኩት።

እትዬ አንጓች ሰው ከካርታ ቤቱ ሲወጣ በእግሩ ኮቴ ያውቁታል። ያሸነፈ ተረከዙን ይጥላል፤ የተሸነፈ ይጎትታል። ያሸነፈው «እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ!» እያለ ሲጋፋ፣ እሳቸው ማማሰያቸውን ብድግ አድርገው፣ «የተበላ ይቅደም!» ይላሉ። የተሸነፈው ሰው ይከፍል እንደሆነ አይጠየቅም። ትኩሱን ያስይዙትና ፊታቸውን ያዞራሉ። አሸናፊው ያጉረመርማል፤ ግን ይጠብቃል። ነገ እሱም እግሩን የሚጎትትበት ቀን እንዳለ ያውቃል።

አሁን የዳልቻን ነገር ልንገራችሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፊ ስባል መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው፤ እያለፍኩት እያለፍኩት እዚህ ደረስኩ።

አይቡን የምታመጣልን የሺ የምትባል ሴት ነበረች። ከገበያው ቁልቁል፣ ከስማዳ መውረጃ ካለ መንደር ነው የምትመጣው። አይቧ እንደ ባዘቶ ነጭ፣ እንደ ባዘቶ ደረቅ። ማሰሮዋን አውርዳ ስታርፍ አንድ እቅፍ እሰጣታለሁ፤ ግማሹን ትበላና ግማሹን ለልጆቿ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ባሏ ስንሻው ይባላል። ጭምት ገበሬ፣ ካርታ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው። በዚያ ዓመት በበጋው አንዱ በሬው ሞተበትና ዳልቻ የሚሉት ግራጫው ብቻውን ቀረ። በአንድ በሬ አይታረስም። ግንቦት ደርሷል። ያን ዓርብ ስንሻው ዳልቻን እየነዳ ማልዶ መጣ፤ ቁመቱ የሚስተካከል አቻ ሊፈልግለት ነው። ሲያልፍ ሰላም ብሎን አለፈ። የዳልቻ ሻኛ ከዳሱ ጣሪያ ጋር ሲተካከል አይቼ «ይህስ አቻ አይገኝለትም» ብዬዋለሁ። ፈገግ አለ።

አቻውን ሲፈልግ ያገኘው ጫኔን ነው። ጫኔ የከብት ነጋዴ ነው፤ በየገበያው የሚዞር፣ ምላሱ ማር። «በሬ ለመግዛት ምን አደከመህ? ና ተቀመጥ፣ በአንዱ ገብተህ በሁለት ትወጣለህ» አለው አሉ። ስንሻው ገባ። ብዙም አልቆየ።

ሲወጣ እትዬ አንጓች ቀና አሉ። እንዲህ ያለ የእግር ጉተታ ሰምቼ አላውቅም።

«የተበላ ይቅደም» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን በቀስታ ነበር። ዳቦውን አስያዙት።

ስንሻው ዳቦውን እንደያዘ ቆመ። «ዳልቻዬ ተበላ» አለ። ለኛ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ ያን ትኩስ ዳቦ ሳይገምጠው ከዳሱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኛም ሰው ስለበዛብን ዝም አልን። ይመለሳል ብለን ነው።

ትንሽ ቆይቶ የሺ ማሰሮዋን ይዛ ደረሰች። እንደ ወትሮው አንድ እቅፍ ሰጠኋት። ገመጠች። ደስ ብሏት ነበር።

«ውዴ፣ ስንሻው በዚህ አላለፈም? ለዳልቻ አቻ አገኘለት?»

እኔ ሥጋ አገላብጣለሁ። ጢስ በዓይኔ ገብቷል። ቀና ሳልል፣ እንደ አፌ ልማድ፣ «ውይ የኔ እህት፣ ዳልቻማ ተበላ እኮ» አልኳት።

ምጣዱ ብቻ ይንጫጫል። ቀና ስል ዓይኗ ዳቦው ላይ ነው። ያፏን ጉርሻ መዳፏ ላይ ተፋችው። ዳቦውን ከፍታ ሥጋውን አየችው፤ በላዩ ላይ የራሷ አይብ አለ።

«ይኸ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ! ኧረ የሺ፣ እሱን አይደለም—»

አልሰማችኝም። ዳቦውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለችና ሙሾ አወረደች፤ ሬሳ የተቀመጠ ይመስል።

«ዳልቻ በሬዬ፣ የቀንበሬ ጌታ፣
ልጆቼን ምን ላብላ፣ ዛሬስ ለማታ?»

ድምፅ የነበራት ሴት ናት። ዳሱ ጸጥ አለ፣ ከዚያ እህል ተራው፣ ከዚያ በርበሬ ተራው። ሰዉ እየሮጠ መጣ። አንዷ «የሰው በሬ ሰርቀው አርደው ነው!» አለች። አንዷ «ለባለቤቲቱ አበሏት!» አለች። ዳቦ የያዘ ሁሉ ዳቦውን ከአፉ አወረደ። የሚያኝክ የነበረው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። እትዬ አንጓች ተነሥተው፣ «የዛሬ ሥጋችን የበግ ነው! ቆዳው ይኸው!» እያሉ የበጉን አጎዛ ያውለበልባሉ፤ ማን ያየዋል? እኔ የሺን ይዤ፣ «ተበላ ያልኩሽ በካርታ ነው፣ በካርታ!» እላታለሁ፤ ለቅሶው እንኳን የኔን ድምፅ የደወል ድምፅ አያሰማም።

ዳልቻ አልታረደም ነበር። ጫኔ ከወንዙ ዳር ለአራጆቹ ሊሰጠው ወስዶት፣ እግሩ ታስሮ፣ ቢላው እየተሳለ ነበር። ለቅሶው እዚያ ድረስ ተሰማ። አራጁ ስለቱን ከድንጋዩ ላይ አነሣና ጆሮውን ጣለ።

«ማንን ነው የምታለቅሰው?»

«በሬ ነው አሉ፣ ዳልቻ የሚሉት» አለ ከላይ የወረደ ሰው።

አራጁ በሬውን አየው፤ ግራጫ ነው። ቢላውን ከአፎቱ ከተተ። «በቁሙ ተለቅሶበታል። እኔ እጄን አላነሣም» አለ።

ጫኔ በሬውን እየጎተተ ወደ ገበያው ወጣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። የሺ ዳልቻን ስታይ ለቅሶዋ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሄዳ አንገቱን አቀፈችው። ሰዉ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው፤ የሳቀም አለ፣ ያማተበም አለ።

«ልቀቂው! በልቼዋለሁ፣ የኔ ነው!» አለ ጫኔ።

«በልቼዋለሁ ካልክማ ብላው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አዎ፣ ብላው! ብቻህን ብላው!» አለ ገበያው ሁሉ።

«ለሥጋ አልገዛውም» አለው ያም ያም። «የተለቀሰበት ነው።»

ጫኔ ዞር ዞር ሲል ከዚያው ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡ አንድ መሪጌታ ከዳሱ ሥር አየ። የተማረ ሰው ይፈርድልኛል ብሎ፣ «አባታችን፣ እስቲ አንቱ ይናገሩ። በሕይወት ላለ በሬ ቢለቀስ ሥጋው ይከለከላል ወይ?» አላቸው።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በመጽሐፍ አልተከለከለም» አሉ።

«ሰማችሁ!» አለ ጫኔ።

«ግን እኔም አልበላም» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዝ! ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ጫኔ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሌላ ገበያ ቢወስደው ወሬው ቀድሞት እንደሚደርስ ያውቃል፤ በዚህ አገር ወሬ በእግር አይሄድም። ለእርሻ እንዳይሸጠው ማን ይችን ሴት አስለቅቆ ይገዛዋል? ቆየና ገመዱን መሬት ጣለው። «ውሰዱልኝ! ገደል ይግባ!» አለ። ፊቱን አዙሮ ሲሄድ እግሩ ይጎተት ነበር።

እትዬ አንጓች ጉተታውን ሰሙ። ማማሰያቸውን አነሡ።

«ጫኔ!» አሉ። «ዛሬ የተበላኸው አንተ ነህ። የተበላ ይቅደም፣ ና።»

መጣ፤ እውነቴን ነው። እንደ ልጅ መጣ። ትኩሱን አስያዙትና ፊታቸውን አዞሩ። ቆሞ በላው።

እስከዚህ ድረስ ስነግር ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። የሥራ ዘመኔ ሽንፈት የምለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ስለ በሬው ገበያው በሙሉ ተነሣ፤ ስለ ሰውየው የጠየቀ አልነበረም። የሺ ገመዱን ይዛ፣ «ስንሻውስ?» ስትል ነው ሁላችንም የተያየነው። ያልተገመጠው ዳቦ ከድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው።

«ሂጂ፣ እግር አለሽ» አሉኝ እትዬ አንጓች። ሄድኩ። በመንገዱ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ መንገደኛ ስንሻውን አግኝቶት ነበር፤ ለቅሶውን ከሩቅ ሲሰማ ቆሞ «ማነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ አለኝ። «የሰው በሬ ታርዶ ተበልቶ ነው፣ ባለቤቲቱ ናት የምታለቅሰው» አልኩት አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ሩጫ ሆነ።» በማግስቱ ንፋስ መውጫ ስደርስ ለሁመራ ሰሊጥ ሠራተኛ የሚወስደው መኪና ሄዷል። የመኪናው ዘይት ከመንገዱ ላይ ገና አልደረቀም። እዚያ ቆሜ ነጠላዬን አፌ ውስጥ አደረግኩ፤ ምላሴን እንዳልነክሰው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰውን «በላህ ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «እህል ቀምሰሃል?» ነው የምለው። የልጄ ልጅ ቅልስልስ ነገር ነው ትላለች። አይደለም።

ሁመራ ሩቅ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሰው ሲሄድ ባገኘን ቁጥር «ስንሻው የሚባል ካገኛችሁ በሬው አለ በሉት» እንላለን። ሁመራ የሄደ ሁሉ ግን ከሄደ በኋላ አይገኝም። ክረምቱ ገባ። የየሺ ጎረቤት አንድ በሬ ነበረውና ከዳልቻ ጋር አቀናጅቶ የሷንም የራሱንም አረሰ። ቁመታቸው አይስተካከልም፣ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል ነበር አሉ። ፈር ሁሉ ጠማማ። ገብሱ ግን ጠማማ ሆኖ አልበቀለም።

እትዬ አንጓች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያረፉት። ዳሱን ለብቻዬ ያዝኩት፣ ካርታ ቤቷ ተዘጋች፣ ዘመኑም ተለወጠ፤ ሌሎች ዓርቦች መጡ ሄዱ። ግን በፀሐዩ ላይ ሳንቀላፋ ከዚያ ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ያ ክረምት ካለፈ በኋላ የነበረ አንድ ዓርብ ነው፤ የገና ጾም ገብቷል፣ አጨዳ አልቋል፣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሥጋ የለም። ስልጆ በዳቦ እንሸጣለን።

አንድ ሰው ገብቶ ከጥጉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ቆላ ያከሰለው፣ ጎንበስ ያለ፣ ኮሮጆ ያነገተ። ዳቦ ወሰድኩለት። «እህል ቀምሰሃል?» አልኩት። ቀና ሲል ስንሻው ነው።

እሱ ገና አላወቀኝም መሰለኝ፤ ዓይኑ ዳቦው ላይ ነበር። ቆይቶ፣ «ያን ጊዜ...» አለ። «ያ የታረደው በሬ። ቆዳውን ማን ወሰደው? ቆዳው እንኳ ካለ ለሚስቴ...»

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እንደገና አንድ ቃል ከአፌ ቢጠመም ብዬ ፈራሁ። «ቆይ። ከዚህ አትነሣ» አልኩትና ወደ እህል ተራው ሮጥኩ። የሺ ገብሷን እየሰፈረች ነበር። እጇን ይዤ ጎተትኳት፤ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ስትለኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ከዳሱ ደጅ ስትደርስ ቆመች። ጀርባውን አወቀችው። እትዬ አንጓች ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔንም በክንዴ ይዘው አዞሩኝ። የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

«ስንሻው» አለች።

በርጩማው ተንቋቋ።

«ተነሥ እንሂድ። ዳልቻ እስኪመሽ ታስሮ መዋል አይወድም።»

ከዚያ፣ «የቱ ዳልቻ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ የሱ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

«ስንት ዳልቻ አለንና ነው? ተነሥ እያልኩህ!»

ዞር ስል ፊቱን በጋቢው ሸፍኖታል። የሺ ኮሮጆውን ከትከሻው አውርዳ በራሷ ትከሻ አንግታለች። አላቀፈችውም፣ አልሰደበችውም። ዳቦውን ለሁለት ገምሳ ግማሹን እጁ ላይ አደረገችለት። ከዚያ በቁልቁለቱ መንገድ ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ድምፅዋ እስከ ሩቅ ይሰማ ነበር። ሁመራ እንዴት ነበር አላለችውም። ስለ ዳልቻ ነው የምትነግረው፤ በክረምቱ እንዴት እንደከሳ፣ ከጎረቤቱ በሬ ጋር እንዴት እንዳልተስማማ፣ ሰው ቀንበር ሲጭንበት እንዴት አንገቱን እያዞረ ወደ መንገዱ እንደሚያይ። ስንሻው ቆም ይላል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ደግሞ ሮጥ ብሎ ይደርስባታል።

እኔ እነሱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ውዴ» አሉኝ እትዬ አንጓች ከኋላዬ፣ «ዳቦው እያረረ ነው። ገልብጪው እንጂ።»